ጄላቲን የሌለበት መክሰስ ስትፈልጉ ፓኬቱን እንዴት ታነባላችሁ?

ጄላቲን አልበላም ብዬ ከወሰንኩ በኋላ ለወራት ያህል ጠዋት ጠዋት ጄላቲን ስበላ ነበር። ከረሜላ አይደለም። ማርሽማሎው የሚባለው ለስላሳ አረፋ መሰል ጣፋጭም አይደለም። ከላዩ ነጭ ስኳር የተቀባ፣ በወተት የሚበላ የስንዴ ሲሪያል ነው። ፓኬቱ ላይ የስንዴ ዛላ ተስሏል፣ «ሙሉ እህል» ይላል፣ እኔም ስንዴ ውስጥ የእንስሳ ነገር ምን ሊሠራ ይገባል ብዬ አንድም ቀን ጀርባውን አላየሁትም። አንድ ጠዋት ወተቱ እስኪሞቅ ስጠብቅ ዝም ብዬ ገለበጥኩት። ስንዴ፣ ስኳር፣ ትንሽ ወረድ ሲል ደግሞ ጄላቲን። የተደበቀ ነገር አልነበረም። በግልጽ ተጽፏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። «የጄላቲን የተደበቁ ስሞች» እየተባለ የሚዞረው ረጅም ዝርዝር ብዙም አይጠቅምም። ግማሹ ስህተት ነው፣ ቀሪው ደግሞ ያስፈራል እንጂ አያስተምርም። ጄላቲን በአብዛኛው በገዛ ስሙ ነው የሚጻፈው። የሚያመልጠን ስሙ ስለተቀየረ ሳይሆን ያለበትን ምግብ ስለማንጠረጥር ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ሥራውን እወቁ።

ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ቆዳና አጥንት ውስጥ ያለው ኮላጅን በአሲድ ወይም በአልካላይ ይታከማል፣ በሙቅ ውኃ ይወጣል፣ ተጣርቶና ደርቆ ዱቄት ወይም ስስ ቅጠል ይሆናል። አብዛኛው የሚመጣው ከአሳማ ቆዳ፣ ከከብት ቆዳና ከአጥንት ነው፤ ከዓሣ ቆዳ የሚሠራም አለ። በሙቅ ውኃ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በሰውነታችን ሙቀት ተመልሶ ይቀልጣል። አምራቾች የሚወዱት ለዚህ ነው። ያረጋል፣ አረፋ ይይዛል፣ ያጣብቃል፣ ያወፍራል። ለሌላ ሥራም ይሆናል፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ፓኬት ስታነሡ ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ እዚህ ውስጥ የረጋ፣ አረፋ የሆነ፣ የተጣበቀ ወይም የወፈረ ነገር አለ?

የረጋው ቀላሉ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጋሚ የሚባሉት እየተለጠጡ የሚታኘኩ ከረሜላዎች፣ ጄሊ፣ በዱቄት መልክ ተሸጦ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ የጄሊ ጣፋጭ። በጋሚ መልክ የሚሸጡ ቫይታሚኖችም እዚህ ይገባሉ፤ የልጆቹን በተለይ እዩ። የሚታኘክ የፍራፍሬ ከረሜላ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

አረፋው ማርሽማሎው ነው፤ እሱንም ብዙ ሰው ያውቃል። ችግሩ ማርሽማሎው የሚሸጠው ለብቻው ብቻ አለመሆኑ ነው። ተቆራርጦ ሲሪያል ውስጥ ይገባል። ከተፈነዳ ሩዝ ጋር ተጣብቆ ባር ይሆናል። በትኩስ ቸኮላት ዱቄት ውስጥ፣ በአይስክሬም ውስጥ፣ በሁለት ብስኩት መሃል በቸኮላት ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ሙስ የሚባለው አረፋ ያለው ጣፋጭም እንደዚሁ መታየት አለበት።

የሚያጣብቀው ነው ብዙ ሰው የሚያመልጠው። የእኔ ሲሪያል ላይ የነበረው ነጭ ሽፋን ይህ ነው። በቶስተር እየሞቁ የሚበሉ ከላይ ስኳር የተቀቡ ቂጣ መሳይ ጣፋጮችም ሽፋናቸው ውስጥ ጄላቲን ሊኖር ይችላል። ያለ ዘይት የተጠበሰ ኦቾሎኒም እንደዚያው፣ ጨውና ቅመሙ ላዩ ላይ እንዲጣበቅ ጄላቲን የሚጨመርበት አለ። ኦቾሎኒ! የአፍ ጠረን የሚያሳምሩ ጠንካራ ክኒን መሰል ከረሜላዎችም ይታዩ፤ ዱቄቱን አንድ ላይ ለመያዝ ጄላቲን የሚጠቀሙ አሉ። ኬክ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ሽፋንም ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው።

የሚያወፍረው ደግሞ የወተት ውጤቶች ውስጥ ነው። ቅባቱ የተቀነሰ እርጎ፣ የኮመጠጠ ክሬም፣ በኩባያ የሚሸጥ ፑዲንግ። ቅባት ሲወጣ ምግቡ ይቀጥናል፣ ስለዚህ የሚያወፍረው ነገር ይጨመርበታል። ለጤና ብላችሁ «ቅባት የሌለው» የሚለውን ስትመርጡ ይህን አስታውሱ። አንድ አምራች ሁለት ዓይነት እርጎ ጎን ለጎን አቅርቦ ሙሉ ቅባት ያለው ንጹሕ፣ ቅባት አልባው ግን ጄላቲን ያለበት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ወደ ንባቡ።

የፊቱን ገጽ እርሱት። ፊቱ ማስታወቂያ ነው። «ተፈጥሯዊ»፣ «ከእውነተኛ የፍራፍሬ ጭማቂ የተሠራ»፣ «ግሉተን የሌለው»፣ «ወተት የሌለው»፣ ከነዚህ አንዳቸውም ስለ ጄላቲን አይናገሩም። አንዲት ዘመዴ ለልጇ «ወተት የለበትም» የሚል ጣፋጭ ስታይ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም ማለት ይመስላት ነበር። ወተት የለበትም ማለት ወተት የለበትም ማለት ብቻ ነው።

ገልብጡና የግብዓት ዝርዝሩን ፈልጉ። እዚያ ላይ ነገሮች የሚጻፉት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው ቀድሞ፣ ትንሽ ያለው መጨረሻ። ጋሚ ከረሜላ ላይ ጄላቲን ከስኳርና ከግሉኮስ ሽሮፕ ቀጥሎ ፊት ለፊት ይመጣል። ሽፋን ላይ ወይም እርጎ ውስጥ ሲሆን ግን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ነው፣ ስለዚህ ሦስት ቃል አንብባችሁ አታቁሙ። ቅንፍ ውስጥ ያለውንም አንብቡ። «ማርሽማሎው» ብሎ ቅንፍ ከከፈተ ጄላቲኑ ያለው እዚያ ቅንፍ ውስጥ ነው። አንድ ከረጢት ውስጥ አምስት ዓይነት ከረሜላ ካለ ደግሞ አምስት ዝርዝር ሊኖር ይችላል፣ የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ አራተኛው ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የአለርጂ ማስጠንቀቂያውን ብቻ አንብቦ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። «ወተት፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር ይዟል» የሚለው መስመር ማለቴ ነው። የከብትና የአሳማ ጄላቲን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከተዘረዘሩት 14 አለርጂ አምጪ ምግቦች ውስጥ የሉም። አሜሪካ ከምትዘረዝራቸው 9ኙ ውስጥም የሉም። ስለዚህ በደማቅ ፊደል አይጻፉም፣ በማስጠንቀቂያው መስመርም አይመጡም። «ይዟል» የሚለው መስመር ላይ ባይኖርም ከላይ ዝርዝሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ስሙ በብዙ ቋንቋ ይመሳሰላል። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በስፓንኛ ሲጻፍ የሚጀምረው በተመሳሳይ አምስት የላቲን ፊደላት ነው፦ ጂ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቲ። መጨረሻው ብቻ ይለያያል፤ ጄላቲን፣ ዠላቲን፣ ጄላቲና። ቱርክኛ በጄ ፊደል ይጀምራል። ፊንላንድኛ ግን ጭራሽ አይመስልም፣ «ሊቫቴ» ነው የሚሉት። ፓኬቱ በማታነቡት ፊደል ከሆነ የስልክ ካሜራ ተርጓሚ ይረዳል፣ ግን ትርጉሙ ላይ «ሙጫ» ወይም «ጄሊ» የሚል ግር የሚል ቃል ከመጣ አትገምቱ፣ ቃሉን ለብቻው አውጥታችሁ ፈልጉት።

ቁጥሩንም ላንሣ። አውሮፓ ውስጥ የምግብ ተጨማሪዎች በኢ ፊደል የሚጀምር ቁጥር አላቸው፤ ለጄላቲን ደግሞ ብዙ ሰው «ኢ 441» ብሎ ይሸመድዳል። ሸምድዶም ቁጥሩን ብቻ ይፈልጋል። ነገር ግን በአውሮፓ ኅብረት ጄላቲን የሚቆጠረው እንደ ምግብ ነው እንጂ እንደ ተጨማሪ አይደለም፣ ስለዚህ የሚጻፈው በስሙ ነው። 441 ወይም 428 የሚል ካያችሁ ጄላቲን ነው፣ ተዉት። ቁጥሩን ባታዩ ግን «የለበትም» ብላችሁ አትደምድሙ።

አሁን ያለ ጥፋታቸው የሚታሙትን ላንሣ፤ ሰው በነሱ ምክንያት የሚበላው እስኪያጣ ሲቸገር አይቻለሁ።

ፔክቲን ጄላቲን አይደለም። ከፖም፣ ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ የሚወጣ ነው፣ ቁጥሩ 440። አጋር ከባሕር አረም ነው፣ 406። ካራጊናንም ከባሕር አረም ነው፣ 407። የግራር ሙጫ 414 ነው። ዛንታን ሙጫ 415፣ ጄላን ሙጫ 418፤ ሁለቱም በባክቴሪያ እየተብላሉ የሚሠሩ ናቸው። ጄላን የሚለው ስም ለጄላቲን በጣም ስለሚቀርብ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ይደነግጣል፣ አትደንግጡ። «ጄላቲናይዝድ ስታርች» የሚልም ታያላችሁ፤ እሱ በውኃና በሙቀት የበሰለ ስታርች ማለት ነው እንጂ ጄላቲን የለበትም። «ማርጊያ» ብሎ ከዘረዘረ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ስም አንብቡ፤ ፔክቲን ወይም አጋር ሊሆን ይችላል፣ ራሱ ጄላቲንም ሊሆን ይችላል። 471 ከቅባት የሚሠራ ማዋሃጃ ነው፣ ከተክልም ከእንስሳም ሊመጣ ይችላል፣ ጄላቲን ግን አይደለም። ካርሚን የሚባለው ቀይ ቀለም፣ 120፣ ከነፍሳት ነው። ከረሜላ የሚያብረቀርቀው ሼላክ፣ 904፣ እሱም ከነፍሳት የሚመጣ ነው። ከእንስሳ የመጣ ነገር በሙሉ የማትበሉ ከሆነ እነዚህን ለብቻ ያዙዋቸው፤ ከጄላቲን ጋር ካደባለቃችኋቸው ሁለቱንም በትክክል አትፈትሹም።

ጄላቲን ሳይባል ከዚያው ቤት የሚመጣ አለ። «ኮላጅን»፣ «ኮላጅን ፔፕታይድ»፣ «ሃይድሮላይዝድ ኮላጅን» የሚሉት የፕሮቲን ባር ላይ በብዛት እየታዩ ነው። ምንጫቸው ያው ቆዳና አጥንት ወይም ዓሣ ነው።

አንድ በጣም የምወደው ዘዴ አለኝ። ግብዓቱ በማላነበው ቋንቋ ሲሆን ወይም ጽሑፉ ተፍቆ ሲደበዝዝ የአመጋገብ ሰንጠረዡን አያለሁ። የፕሮቲን መስመሩን። ጄላቲን ፕሮቲን ነው፤ ፔክቲን፣ አጋርና ስታርች ግን አይደሉም። ወተትም ለውዝም የሌለበት ጋሚ ከረሜላ በ100 ግራም 5፣ 6 ወይም 7 ግራም ፕሮቲን አለው ካለ፣ ያ ፕሮቲን ከየት መጣ? ከስኳር አይመጣም። ጄላቲን መሆኑ በጣም ያመዝናል። በፔክቲን የተሠራ ጋሚ ላይ ያ መስመር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ዘዴው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚሠራው። ፕሮቲን መታየቱ ያስጠረጥራል፤ ዜሮ መሆኑ ግን ነጻ አያወጣም፣ ምክንያቱም ሽፋን ላይ ያለ ጥቂት ጄላቲን ሰንጠረዡ ላይ ሲጠጋጋ ይጠፋል። ሲሪያል፣ እርጎና ኦቾሎኒ ላይ ደግሞ አትሞክሩት፣ እነሱ የራሳቸው ፕሮቲን አላቸው።

አኝኮ መለየትስ? ጄላቲን ይለጠጣል፣ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ቀስ ብሎ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ፔክቲን ሲነክሱት ቁርጥ ይላል፣ ጥርስ ላይም ብዙ አይጣበቅም። አጋር ይሰባበራል፣ በአፍ ሙቀትም አይቀልጥም። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፣ ግን ለማወቅ መብላት ስላለባችሁ ለፍተሻ አይሆንም። ስታርችና ጄላቲን የተቀላቀሉበት ከረሜላም ያሳስታል።

ምልክቶቹ ብዙ ድካም ይቀንሳሉ። ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳ የመጣ ነገር ጭራሽ የሌለበት፣ የሚል የታወቀ ማረጋገጫ ካለበት ጄላቲን በግብዓትነት አይገባበትም። የቬጀቴሪያን ማረጋገጫም እንደዚሁ፣ ወተትና እንቁላል ሊኖሩበት ቢችሉም። የሕንድ ፓኬት ላይ በአረንጓዴ ካሬ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ የቬጀቴሪያን ምግብ ነው፤ ጄላቲን ያለበት ያንን ምልክት አያገኝም። ሐላልና ኮሸር (በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ) ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሱት። ሐላል የሚለው ከረሜላ በደንቡ ከታረደ ከብት ወይም ከዓሣ የተሠራ ጄላቲን ሊኖረው ይችላል። ኮሸርም ከዓሣ ወይም ከከብት የሆነ ሊይዝ ይችላል። የምትሸሹት አሳማን ብቻ ከሆነ ሐላል ይበቃችኋል። ጄላቲን ራሱን ከሆነ አይበቃም።

ይህ ደግሞ ገና ሳትጀምሩ መወሰን ያለባችሁን ነገር ያመጣል። በትክክል የማትበሉት ምንድን ነው? ማንኛውንም ጄላቲን? የአሳማውን ብቻ? ወይስ የአጥቢ እንስሳትን? አልፋ ጋል የሚባለው በመዥገር ንክሻ የሚመጣ አለርጂ ያለበት ሰው የከብትና የአሳማ ጄላቲን ሊጎዳው ይችላል፣ የዓሣው ግን ከዚህ አለርጂ ውጭ ነው። የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው ተቃራኒውን ነው የሚፈራው። ፓኬቱ «የከብት ጄላቲን» ወይም «የአሳማ ጄላቲን» ብሎ ከለየ ጥሩ። በባዶው «ጄላቲን» ብቻ ካለ ምንጩን ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም፤ እኔ እንደዚያ ሲሆን መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የምታውቁትን ከረሜላ ደግሞ እንደምታውቁት አትቁጠሩ። ስታርበርስት አሜሪካ ውስጥ ጄላቲን አለበት፣ ብሪታንያ የሚሸጠው ግን ያለ ጄላቲን ነው የሚሠራው። ስሙ አንድ፣ መልኩም ቀራቢ። ሃሪቦም እንደዚያው፤ ቱርክ ውስጥ የሚመረተው በከብት ጄላቲን ነው፣ ጀርመን የሚመረተው «ወርቃማ ድብ» የሚባለው ጋሚው ግን የአሳማ ጄላቲን አለበት። ስኪትልስ ቀድሞ ጄላቲን ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ቀረ። ስለዚህ የድሮ ዝርዝር የዛሬውን ንጹሕ ከረሜላ «አትብሉ» ይላል፣ ወይም የሌላ አገር ዝርዝር እጃችሁ ላይ ያለውን «ብሉ» ይላል። ሁለቱም ከፓኬቱ በላይ ሊታመኑ አይገባም። እኔ የማዘወትራቸውን እንኳ «አዲስ ጣዕም» ወይም «የተሻሻለ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ አነባቸዋለሁ።

ማንበብ የማይደርስበት ቦታም አለ፣ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ሥራ ማጥራት ነው። አንዳንድ የፍራፍሬ ጭማቂና ወይን የሚያደፈርሰውን ነገር ለመሰብሰብ ጄላቲን ይጨመርበትና ተጣርቶ ይወጣል። በሂደት ላይ የሚረዳ እንጂ በምግቡ ውስጥ የሚቀር ግብዓት ስላልሆነ በብዙ አገር ሕግ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ የለበትም። ሌላው ቫይታሚንና የካሮቲን ቀለም ነው፤ እነሱን በዱቄት መልክ ለመሸከም ጥቂት ጄላቲን ሊኖር ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ሥራ የሚውል የዓሣ ጄላቲን ከአለርጂ ማስታወቅ ግዴታ እንኳ ነጻ ነው። ይህ ለሁሉም ሰው የሚያስጨንቅ አይደለም። ለሃይማኖት፣ ለእምነት ወይም ለአለርጂ ብሎ ጥቂቷንም የማይፈልግ ሰው ግን ቪጋን የሚል ማረጋገጫ ያለውን ይምረጥ፣ ያ ከሌለ አምራቹን ይጠይቅ።

አምራቹን ስትጠይቁ ጥያቄው ጥርት ያለ ይሁን። «ቬጀቴሪያን ነው ወይ?» ብትሉ «ግብዓቱን ፓኬቱ ላይ ይመልከቱ» ይሏችኋል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «በዚህ ምርት ውስጥ፣ በቫይታሚኑና በቀለሙ ተሸካሚ ውስጥ፣ ወይም ጭማቂውን በማጥራት ሂደት ላይ ጄላቲን ትጠቀማላችሁ? ከሆነ ከየትኛው እንስሳ ነው? በዚያው ማሽን ላይ ጄላቲን ያለበት ሌላ ምርት ይመረታል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ለብርቱ አለርጂ ነው። የፓኬቱን ፎቶ፣ የተመረተበትን አገርና የምድብ ቁጥሩን አያይዙ፤ ያለ እነሱ የሌላ ፋብሪካ መልስ ሊልኩላችሁ ይችላሉ። መልሱ ሲመጣ ከነቀኑ አስቀምጡት፣ ዓመት ሲያልፈው መልሳችሁ ጠይቁ።

መድኃኒት ላይ ግን በራሳችሁ አትወስኑ። ለስላሳዎቹ የዘይት እንክብሎችና ብዙዎቹ ዱቄት የያዙ ካፕሱሎች ልባሳቸው ጄላቲን ነው። ከተክል የሚሠራ «ሃይፕሮሜሎስ» የሚባል ልባስ ያላቸውም አሉ፣ አንዳንዱም በጠንካራ ክኒን ወይም በፈሳሽ ይገኛል። ያዘዘላችሁን ሐኪም ወይም ፋርማሲስቱን በሌላ መልክ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፣ እስኪነግሯችሁ ድረስ የጀመራችሁትን አታቋርጡ፣ ካፕሱሉንም ከፍታችሁ ዱቄቱን አትዋጡ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ታስቦ ስለተሠራ ሲከፈት ሊጎዳ ይችላል።